ክኒኑ ያልተጠራበት ምስክርነት

ሳል ይዟችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ መጀመሪያ አክታችሁን አስመርምሩና ተመልሳችሁ አንብቡ። ጽሑፉ የትም አይሄድም። እኔን እንዲህ ብሎ የሚያዘኝ ሰው ቢኖር እንደማልሰማው አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ሲያይ ወደ ግራ ማየት ጠባዬ ነው፤ በዚሁ ጠባይ መጣጥፍ እየጻፍኩ፣ በዚሁ ጠባይ ወዳጅ እያጣሁ እዚህ ዕድሜ ደርሻለሁ።

ሳሉ የጀመረኝ በክረምቱ መጨረሻ ነበር። ደሴ ውስጥ በክረምት የማያስል ሰው ከተገኘ መመርመር ያለበት እሱ ነው፤ ስለዚህ ማንም አልደነገጠም። ባለቤቴ ምሕረት ዝንጅብል አፈላችልኝ። ጎረቤቶች ብርድ ነው አሉ። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ደም ወስዶ ታይፎይድ ነው አለኝ። እዚህ አገር ታይፎይድ ሳይባል ከክሊኒክ የሚወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። መርፌውን ተወግቼ ጨረስኩ፣ ሳሉ ግን አልጨረሰም። ሁለተኛው ክሊኒክ የሚያስልህ ጨጓራህ ነው አለ። ሦስተኛው አለርጂ ነው ብሎ መጻሕፍቶቼን ከመኝታ ቤት እንዳስወጣ አዘዘኝ። ምሕረት ለዓመታት ለምና ያልተሳካላትን ነገር አንድ ሐኪም በአንድ ቃል አስፈጸመው።

በዚህ መሀል ሱሪዎቼ ሁሉ የታላቅ ወንድሜ መሰሉ። ሌሊት ሌሊት በላብ እጠመቃለሁ፤ ጠዋት ምሕረት ምንም ሳትናገር አንሶላውን አጥባ ታሰጣለች። ዝምታዋ ከሳሉ በላይ አስፈራኝ። አንድ ቀን ካሰጣች በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ወይ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ፣ ወይ እኔ ወደ እናቴ ቤት ኮምቦልቻ እወርዳለሁ» አለችኝ። ሄድኩ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ሲስተር አልማዝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ከሁለት ሳምንት በላይ አስሎዎታል?»

«ከሁለት ወር በላይ።»

«እና እስካሁን የት ነበሩ?»

«ታይፎይድ ላይ።»

አልሳቀችም። የአክታ ዕቃ ሰጥታ ወደ ውጭ ላከችኝ። ውጤቱ ሲመጣ የሳንባ ቲቢ ነበር፤ አባቶቻችን የሳንባ ነቀርሳ የሚሉት፣ ስሙን ሲጠሩት ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉለት በሽታ።

ሕክምናው ስድስት ወር ነው፤ መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በየቀኑ እየመጡ ነርሷ ፊት መዋጥ ነው። «ሽንትዎ ይቀላል፣ እንዳይደነግጡ» አለችኝ። «ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ወይ ምግብ ካስጠላዎት ግን ሮጠው ይምጡ፤ መድኃኒቱ ጉበት ሊነካ ስለሚችል እንከታተላለን። ሲሻልዎት ደግሞ እንዳያቆሙ። ጀርሙ ከፊሉ ቶሎ ይሞታል፣ ከፊሉ አድፍጦ ይቆያል። ካቆሙ ያደፈጠው ይነሳል፤ ያኔ ክኒኑን ለምዶት ሊሆን ይችላል።» እንዲህ አድርጎ ጉዳቱንም ጥቅሙንም አንድ ላይ የሚነግረኝ ሰው ካየሁ ቆይቼ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚለኝን ስጠራጠር የኖርኩ ሰው፣ በአንድ ጠዋት ከጤና ጣቢያ ጋር መስማማቴ አናደደኝ።

ቤታችን ተመሰቃቀለ። ሁለቱ ሴት ልጆቼ ተመረመሩ፤ ነጻ ናቸው ቢባልም መከላከያ ተሰጣቸው። ጎረቤቶች «እግዜር ይማርህ» የሚሉኝ ከአጥር ውጭ ሆነው ነበር። አማቴ ከኮምቦልቻ ሊጠይቁኝ መጥተው በረንዳ ላይ ቁመው ጸለዩልኝና ሳይቀመጡ ተመለሱ። አልቀየምኳቸውም፤ የበረንዳ ጸሎት ቢያንስ ነፋስ ያገኛል።

ሰው ያገኘሁት ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ነው። ዘሃራ ትባላለች፤ ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ አያቷ ከየመን የመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ እናቷ ቢስቲማ ይኖራሉ። ክኒን የጀመረችው ከእኔ ጥቂት ሳምንታት ዘግይታ ነው። ከተማው እንዳያውቃት ፊቷን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና ትመጣለች፤ ግን ድምፅዋ ከበሩ ይሰማል።

«አንቱ ጋዜጠኛ ነዎት አሉ?»

«አይደለሁም፤ መጣጥፍ ነው የምጽፈው።»

«ያው ነው። ደመወዝ የለውም አይደል?»

«የለውም።»

«ያ ረቢ! ታዲያ ምን ያስከሳዎታል እያልኩ እገረማለሁ እኔ።»

በሳምንቱ አንቱታው ቀረ፣ ጋዜጠኛነቱ ግን አልቀረልኝም። ክኒኑ ሲያቅለሸልሻት «አይዞሽ፣ ዋጪው» እላታለሁ፤ እኔ ሳልከጅለው ስቀመጥ «አብሽር፣ ጋዜጠኛው! አንተ ካልዋጥክ ሲስተር እኔን ነው የምትቆጣው» ትለኛለች። ያ አግዳሚ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እዘልቃቸው እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

አንድ ቅዳሜ የምሕረት ታናሽ ወንድም ዮናስ ከኮምቦልቻ መጣ። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ ከወጣ ወዲህ «የጤና አማካሪ» ሆኗል፤ ማለትም አንዱ ሻጭ ሌላውን ከስሩ እየመለመለ በሚሸጥበት ድርጅት ውስጥ ገብቷል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ኮትና ክራባት የሚያደርገው ለዚህ ነው። ሁሉን ይፈውሳል የሚባል ፈሳሽ ያለበት አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያ አልሠራለትም።

«ጋሼ፣ ክኒኑን ተው አላልኩህም። ግን ጠይቅ። በዚህ ዘመን በነጻ የሚሰጥ ነገር አለ?»

«ጠርሙሱ በነጻ ነው?»

«ለቤተሰብ ቅናሽ አለው» አለና ወደ ፊት ተጠጋ። «የመድኃኒት ኩባንያ የታማሚ ወዳጅ አይደለም ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ? እኛ ስብሰባ ላይ ይነበባል'ኮ!»

ጽፌዋለሁ፤ ነገም እጽፈዋለሁ። ግን እኔ የጻፍኩት ስለ ዋጋቸውና ስለሚደብቁት ነገር ነበር፤ ከየት እንዳገኘሁትም አሳይቼ ነበር። «ዮናስ፣ ይሄ ጠርሙስ በማን ላይ ተሞከረ? ስንቱ ዳነበት? ያልዳነውስ የት ሄደ?» አልኩት።

«ምስክሮች አሉ» አለኝ።

ኩራቱ አሸንፎት ስልኩን አሳየኝ። በየጠዋቱ ከላይ የሚወርድላቸው መመሪያ ነበር። ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በር ላይ የሚጠብቁ ሰዎችን አነጋግሩ ይላል። «‹መድኃኒት አቁም› አትበሉ፤ ‹ጉበትህን ትንሽ አሳርፈው› በሉ» ይላል። ሐኪም ከተቃወማችሁ «ማን ይከፍለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ ይላል። ሲስተር አልማዝ እውነቱን የነገረችኝን የጉበት ነገር ወስደው፣ «እንከታተላለን» የሚለውን ቆርጠው ጥለው፣ የቀረውን መሸጫ አድርገውታል። እኔ ጥርጣሬን የምወደው መልስ ስለሚያስፈልገው ነበር። እነዚህ ሰዎች መልስ እንዳይፈለግ አድርገው ሠርተውታል።

ጠርሙሱን ምሕረት ለወንድሟ ክብር ስትል ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው፤ ማንም አልከፈተውም። ዮናስ ሲወጣ «ለጸሎት ግሩፕ ነው» ብሎ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ፎቶ አነሳኝ። ለጸሎት ፎቶ እምቢ አይባልም።

ሁለት ወር ሲሞላ አክታዬ ጸዳ። ሱሪዎቼ የራሴ ሆኑ። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይቀጥል ነበር፤ ምሕረት ግን ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻለችም። እሁድ በሐረጎ ቁልቁለት በሚኒባስ ወርደን ካደገችበት የኮምቦልቻ ቸርች ሄድን። እኔ እንደ ልማዴ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ መድረክ ላይ ወጣች። «ጌታ ባለቤቴን ከሞት አፍ አውጥቶ ሰጠኝ!» አለች። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ብክድ ዋጋ የለውም።

በእኛ ቸርች ምስክርነት የራሱ ሥርዓት አለው። ክኒን አይጠራበትም። ማንም አልከለከለም፤ ግን የጌታን ክብር ከፋርማሲ ጋር ማካፈል ስለሚመስል ሰው በራሱ ይዘለዋል። ሐኪም ከተጠራ እንኳ «ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠው ነበር» ለማለት ነው። የምሕረት ምስክርነትም እንደዚሁ ነበር፤ ያለችው ሁሉ እውነት፣ ስድስት ወር የሚዋጠው ነገር ግን የለበትም። ዮናስ ከፊት ረድፍ ሆኖ በስልኩ ይቀርጽ ነበር።

በዚያው ሰሞን ዘሃራ አግዳሚው ላይ ጠፋች። እኔ ያኔ የሳምንቱን መድኃኒት አንዴ ተቀብዬ ቤቴ ስለምውጥ መጀመሪያ መተላለፍ መሰለኝ። ሲስተር አልማዝ ግን «ስልክም አታነሳም» አለችኝ። «የሚያውቋት ከሆነ ይንገሯት፤ እያሳለች ከሰነበተች ሌላ መድኃኒት የሚፈልግ ነገር ውስጥ ልትገባ ነው።»

ፒያሳ ሱቋ ሄድኩ። ጨርቅ ጥቅል ኋላ ተቀምጣ ታስላለች። ለሳምንታት ጠፍቶ የተመለሰ ሳል ነበር፤ አውቀዋለሁ።

«መጣህ? ጋዜጠኛው!»

«ዘሃራ፣ ለምን ቀረሽ?»

«አንተ ነህ እኔን የምትጠይቀኝ? ወላሂ አታፍርም!»

ስልኳን አፍንጫዬ ስር ደቀነችው። ብርድ ልብስ ውስጥ ያለሁበት ፎቶ ይታያል፤ ቀጥሎ እሁድ ቸርች በር ላይ የወፈርኩበት። መሀላቸው አረንጓዴው ጠርሙስ ይሽከረከራል። የምሕረት ድምፅ «ከሞት አፍ አውጥቶ ሰጠኝ!» ይላል። ስሩ ላይ «ክኒን ጉበቱን ሊጨርሰው የነበረው የደሴ ምሁር» ተብሎ ተጽፏል።

«አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ አንተ ቤትህ ጠርሙስ ደብቀህ እየጠጣህ፣ እኔን ‹አይዞሽ፣ ዋጪው› ትለኛለህ? የእኔ ጉበት ጉበት አይደለም?»

«አልጠጣሁም። አንድ ጠብታ አልቀመስኩም።»

«ሚስትህ ናት'ኮ የምትናገረው! በባሏ ትዋሻለች?»

«አልዋሸችም። ስለ ጠርሙስ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም።»

«ስለ ክኒንስ ተናግራለች?»

ብዙ ያነበበ ሰው ነኝ፤ በንግግር መልስ ማጣት የሚደርስብኝ በዓመት አንዴ ነው፤ የዚያን ዓመት ድርሻዬን እዚያ ሱቅ ውስጥ ጨረስኩ።

«እጽፋለሁ፤ ውሸት መሆኑን ነገ እጽፋለሁ» አልኳት።

«ማን ያነባል? እኔ ያየሁት ፊትህን ነው፣ የሰማሁት ሚስትህን ነው። እዚያው ቁማ ክኒን ነው ትበልና ያኔ እሰማታለሁ። አሁን ሂድ፤ ደንበኛ እያባረርክብኝ ነው።» ጨርቁን አፏ ላይ አድርጋ ሳለች። ጨርቁን ስታጥፈው ቀይ ነገር አየሁበት፤ ማየቴንም አየች።

ያም ሆኖ ጻፍኩ። ረጅም፣ ጥንቁቅ፣ እንደ ልማዴ ትንሽ መርዛም። ሰዓት ሳይሞላው ከማላውቃቸው ብዙ ስሞች፣ ቃሉ ያልተለወጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ከለጠፍኩት ጽሑፍ ስር ይደረደር ጀመር፤ «የመድኃኒት ኩባንያ ተከፋይ።» እነዚያን ኩባንያዎች ስወቅስ ለኖርኩ ሰው ሳቅ ነበር፤ ግን ዘሃራ ቁጭ ብላ እያሳለች አልሳቅኩም። ጤና ቢሮም ሄጄ አመለከትኩ፤ «እናጣራለን» አሉኝ። ዮናስ ጋ ደወልኩ።

«እኔ አልለጠፍኩትም፤ ለላይኞቹ ነው የሰጠኋቸው» አለኝ። «አይወርድም ጋሼ፤ ብዙ ሰው አይቶታል። ለምን ከእኔ ስር አትገባም? በአንተ ፊት ከመጣ ሽያጭ ድርሻ አለህ'ኮ።»

ስልኩን ዘጋሁትና ለምሕረት ቪዲዮውን አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አየችው።

«እኔ እግዚአብሔር አልኩ እንጂ ጠርሙስ አላልኩም!»

«አላልሽም። ግን ባዶ የተውሽውን ቦታ እነሱ ሞሉት።»

«ምስክርነት ላይ ክኒን ማን ጠርቶ ያውቃል?»

«ማንም። ለዚህ ነው የተመቻቸው።»

ተነሥታ ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረውን ጠርሙስ ሽንት ቤት ደፋችውና ባዶውን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ «እሁድ እንወርዳለን» አለች።

በቸርቹ የምስክርነቱን ሰዓት የሚመሩት ሽማግሌ ጋሽ መኮንን ናቸው። ከአምልኮው በፊት በጓሮ አገኘናቸው።

«ምስክርነት ማረም?» አሉ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አልተደረገም። እምነቷ ቀዘቀዘ አይሉሽም?»

«ጋሽ መኮንን፣ እርስዎ የደም ግፊት ክኒንዎን ከሻይ ጋር ሲውጡ አይቻለሁ።»

«መድረክ ላይ አልዋጥኩም!»

«እሱን ነው'ኮ የምለው።»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ከመዝሙሩ በኋላ መድረክ ላይ ውጪ» አሉ። «አጭር አድርጊው።»

አጭር አላደረገችውም። «ባለፈው የተናገርኩት ጎዶሎ ነበር» ብላ ጀመረች። «ጌታ ባሌን ፈውሶታል። የፈወሰው በክኒን ነው። በየቀኑ፣ መጀመሪያ ነርስ ፊት፣ አሁን ቤት፣ እያቅለሸለሸው የሚውጠው ክኒን ነው። ገና አልጨረሰም። ጠርሙስ አልጠጣም። ድምፄን ወስደው ጠርሙስ የሸጡበት ሰዎች ዋሽተዋል። በእኔ ድምፅ መድኃኒቷን ያቆመች ሴት ደም እየተፋች ነው።» እልልታ አልነበረም። ከዚያ እኔን ጠራችኝ፤ ወጣሁ። ዕድሜ ልኬን ኋላ ወንበር የተቀመጥኩ ሰው ከፊት ቆምኩ። ክኒኔን ከኪሴ አወጣሁና «ይኼ ነው» አልኩ። «ጉበት ሊነካ ይችላል፤ ስለዚህ ይከታተሉኛል። ጠርሙሱን የሚከታተለው ማን ነው?» ከዚህ በላይ ንግግር አልመጣልኝም። ትልቋ ልጄ በስልኳ ቀርጻለች።

ዮናስ በሩ ላይ ጠበቀን። ክራባቱን ፈትቶታል። «እኅቴ፣ ቤቴን አፈረስሽው። ማን ከእኔ ይገዛል ከዛሬ በኋላ?»

«ማንም ከአንተ እንዳይገዛ ነው የወጣሁት» አለችው። «ራት እኔ ቤት አለ። ከእነሱ ጋር የምትበላው ግን ይበቃሃል።» ክራባቱን ኪሱ ከቶ ሄደ። እስካሁን አልመጣም፤ ምሕረት በዚህ ታለቅሳለች። ሰው ውሸትን ሲቃወም የሚያጣው ሰው ብዙ ጊዜ ከገዛ ቤቱ ነው፤ ይህን ማንም ስላልነገረኝ እኔ እነግራችኋለሁ።

ከኋላችን አንዲት እናት የምሕረትን ነጠላ ያዝ አደረጉ። «ልጄ፣ የስኳር መርፌዬን ትቼ ያንኑ ጠርሙስ ነው የምጠጣው» አሉ በሹክሹክታ። «ልመለስ?» ነገ ሳይሉ ሐኪማቸው ጋ እንዲሄዱ ነገርናቸው። ጋሽ መኮንን ሰምተው ቆሙ። በሚቀጥለው እሁድ ስለ ግፊት ክኒናቸው ራሳቸው እንደሚናገሩ ነግረውን ገቡ።

የልጄን ቪዲዮ ለዘሃራ ላክሁላት። እንዳየችው ስልኩ ነገረኝ፤ እሷ ግን ምንም አላለችም። ሰኞ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ሲስተር አልማዝ «መድኃኒትዎን ወስደዋል፣ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ። «እጠብቃለሁ» አልኳት። ረቡዕ ከእናቷ ጋር መጣች። ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ሚስትህ ከአንተ ትሻላለች» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ከመጀመሪያው ጀምሪ ብትለኝ ሲስተርን እገላታለሁ።»

ሲስተር መጀመሪያ አክታዋን ወሰደች። ጀርሙ ክኒኑን ለምዶት ከሆነ ሕክምናው የረዘመና የከበደ ይሆናል። ውጤቱ እስኪመጣ የጠበቅነው የራሴን ስጠብቅ ካየሁት ፍርሃት ይከፋል። እናቷ በሹክሹክታ ዱአ ያደርጋሉ፤ ዘሃራ ቀልድ ያለቀባት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲስተር ወረቀቱን ይዛ ስትወጣ «ክኒኑ ጀርሙን አሁንም ይገድለዋል፤ ግን ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ» አለች። ዘሃራ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ቀጥላም ሲስተርን ላለመግደሏ ምክንያት ትፈልግ ጀመር።

እኔ አሁን ክኒኔን ጨርሻለሁ፤ ነጻ ነህ ተብያለሁ። መጠርጠሬን አልተውኩም፤ እናንተም አትተዉ፤ ግን የሚሸጥላችሁንም ጥርጣሬ ጠርጥሩት። ስትድኑ ደግሞ የምታመሰግኑትን ሁሉ አመስግኑ፣ የዋጣችሁትንም በስሙ ጥሩ። እናንተ ካልጠራችሁት ሌላ ሰው በሌላ ስም ይጠራዋል።

በቅርቡ ዘሃራን ለማየት ወደ ጤና ጣቢያው ጎራ ስል አንዲት አዲስ ሴት፣ እንደ ዘሃራ እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ክኒኗን መዳፏ ላይ ይዛ ዘሃራን ጠየቀቻት፤

«እኅቴ፣ እውነት ነው ጉበት ይጨርሳል የሚሉት?»

ዘሃራ መሸፈኛዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። በዚያ ግቢ ስታደርገው ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ካመመሽ ለሲስተር ንገሪያት፣ ታይልሻለች። እኔን ግን እዪኝ። ይኸው አቁሜ ነበር፤ ይኸው ከመጀመሪያው እየዋጥኩ ነው። ሰው ከጠየቀሽ የፒያሳዋ ዘሃራ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ ክኒን ነው የምትውጠው በዪ። ሱቄንም አሳዪያቸው።»

ከዚያ ዘሃራ የራሷን ክኒን ዋጠች፣ ውሃዋንም እስከ መጨረሻው ጠጣች።